ከቤይሩት ዱባይ በሱፍ ክር

በመጨረሻ የሠራሁበትን የዘመሮ ከተማን የስልክ ማዞሪያ ነቅለው ፒካፕ ላይ ሲጭኑት በር ላይ ቆሜ አየሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አሉኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ዕቃ ፊት ፈቀቅ በይ መባል እንዴት እንደሚያበሽቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ፈቀቅ አልኩላቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ። ኮረብታው ላይ የሞባይል ማማ ከተተከለ ወዲህ የስልክ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ የእኔም ጡረታ ያለ ዕድሜዬ በዚያው ሰሞን መጣ።

ሞባይል እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። አንዱ ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ፣ ሌላው ደግሞ ልጄ ገዝታልኝ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያሁን ልጆች ኦፕሬተር ሲባል ገመድ ሲሰካና ገመድ ሲነቅል የሚውል ሰው ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሣ ልጅ ከባዕድ አገር ለእናቷ መልሻለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ ጉራ ይሁን። በሥራ ላይ እያለሁ ጉራ አልተፈቀደልኝም ነበር፤ አሁን ማን ይከለክለኛል?

ሥራ የጀመርኩት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ባልኩበት ጊዜ፣ ለስልክ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ። ትንሽ አሠለጠኑንና እዚያ መደቡኝ። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ትበቃለች፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቃትም ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ የጣቢያው አንጋፋ ኦፕሬተር ጋሽ ደጀኔ ናቸው።

ጋሽ ደጀኔ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ማዞሪያው ፊት ከመቀመጣቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ምሳ ሊበሉ ነው እንዴ እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር። ማዳመጫውን በአንድ ጆሯቸው ብቻ ያደርጉታል፤ ሌላው ጆሯቸው አግዳሚው ላይ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ነው። አንዲት ሴት ጥግ ላይ ሆና ስታለቅስ ከሰሙ፣ የባለሥልጣን ጥሪ እንኳ ቢሆን ትንሽ ይቆያል። በዚህ የተነሣ ስንቴ ተከሰዋል፤ ደንታም አልሰጣቸው። «የለም» የምትባለውን ቃል ደግሞ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። መስመር ሲጠፋ በደብረ ብርሃን ይሞክራሉ፣ በዚያ እምቢ ካለ በፍቼ ይሞክራሉ፣ ሁሉም እምቢ ካለ ለባለጉዳዩ ወንበር ይሰጡና እንደገና ይጀምራሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከውጭ አገር የሚደውል ሰው ሲያገኙ የሚጠይቁት ነገር ነው። ስንት ሰዓት ነው ብለው አይጠይቁም። እዚያ ፀሐይዋ የት ጋ ናት ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ አፌ አያርፍም፤ ጋሽ ደጀኔ፣ ሰዓት እያለ ፀሐይ ምን ያደርጋል አልኳቸው። ሰዓትን ሰው በየአገሩ እንደፈለገ ይቆጥረዋል፣ አንዱ ከንጋት ይነሣል፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት፣ ፀሐይ ግን ለሁሉም አንድ ናት አሉኝ። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ተውኩት።

ጠረጴዛቸው ላይ ደግሞ ኳስ የምታክል የቆርቆሮ የምድር ሉል ነበረች። አንድ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው የሄደው ነው። ከሉሏ አጠገብ ባለቤታቸው የፈተሉት ጥቁር የበግ ሱፍ ክር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ ካይሮ አውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል ይባል ነበርና፣ ጋሽ ደጀኔ ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ሉሏ ላይ ወጠሩት፣ ከዚያ አራት ላይ እኩል አጥፈው በየእጥፋቱ ቋጠሩት። አንዷ ቋጠሮ አንድ የበረራ ሰዓት ሆነች ማለት ነው። በዚያው ልክ እየቋጠሩ አስረዘሙት። ከጂዳ ኩዌት፣ ከቦምቤይ ዱባይ፣ ከየትም የት፣ ክሩን ሉሏ ላይ ወጥሮ ቋጠሮ መቁጠር ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ ለምን አይለኩትም ብላቸው፣ መሬት ክብ ናት፣ ወረቀት ላይ ስትዘረጋ ትዋሻለች አሉኝ።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ያኔ ሴቱም ወንዱም ወደ ዓረብ አገር መሄድ የጀመረበት ጊዜ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ስልክ ለመቀበል ከገደል ማዶ ግማሽ ቀን በእግሩ ይመጣል። ልጄ ዛሬ ከዚህ ከተማ ወደዚያ ከተማ ትበራለች፣ ስትደርስ ትደውላለች፣ መቼ ልምጣ ብሎ ሲጠይቅ፣ አላውቅም ማለት ለጋሽ ደጀኔ ነውር ነበር። ስለ ክሩም አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል። ክር ጦርነት አያውቅም ይሉ ነበር። ጦርነት ያለበትን ሰማይ አውሮፕላን ዞሮ ነው የሚያልፈው፤ እንዲህ ያለ አገር መሀል ከገባ ክሩን አላልቶ ዳር ዳሩን ማስኬድ ነው።

ሁለት ዓመት አስተምረው ለቀቁኝና ራቤል ተመደብኩ። ራቤል ያለችበት የጊሼ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አለቃዬ ጠዋት ፈርሞ ከሰዓት በኋላ የማይገኝ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ጣቢያውን ብቻዬን ያዝኩትና ልቤ አበጠ። የወደቅኩትም እዚያ ነው።

ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ወንድ ልጃቸው ጂዳ ነው የሚሠራው። ልጁ ደውሎ ነገ ወደ ኩዌት እበራለሁ፣ እንደደረስኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ አባቴ መታመሙን ሰምቻለሁና ድምፁን እንድሰማ አምጪልኝ አለ። እኔ አዋቂዋ ዘጠኝ ሲለኝ በፈረንጅ አቆጣጠር የነገረኝ መስሎኝ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው ብዬ ለወጥኩት። ሽማግሌውን ገና ሳይነጋ በበቅሎ ጭነው አመጧቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ስልክ የለም። አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ የለም። ስድስት ላይ ትኩሳቱ ሲበረታባቸው ዘመዶቻቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነበር። ለእኔ እንዲቀለኝ ብሎ ቀድሞውኑ ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጦ ነው ለካ የነገረኝ። እሱ ለእኔ አስቦ ለወጠ፣ እኔ ለእሱ አስቤ ለወጥኩ፣ በመሀል አባትና ልጅ ሳይገናኙ ቀሩ። ጋሽ ወርቁ ሳምንት አልቆዩም።

ለቅሶ ቤት ሄጄ ለቤተሰቡ በግልጽ ነገርኳቸው። የእግዜር ፈቃድ ነው አሉኝ። ምን የእግዜር ፈቃድ፣ የእኔ ጥድፊያ ነው እንጂ። ዓለም ከተማ ደውዬ ለጋሽ ደጀኔ ሳወራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡኝም። «በማን አቆጣጠር ነው የነገረሽ?» አሉ። አልጠየቅኩትም አልኳቸው። «ፀሐይዋስ?» አሉ። እሷንም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ጡረታ ሲወጡ ሉሏንና ክሩን በአውቶቡስ ላኩልኝ፤ በደስታ አለቀስኩ፣ እኔን አምነው መላካቸው ነዋ።

አሁን ወደምኮራበት ልምጣ። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ተዛውሬ ነበር። አለቃዬ አቶ ጌታሁን ደግ ሰው ናቸው፤ ባትሪው ሲደክም እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ይጠግናሉ። ጊዜው በጋ ነው፣ የአገሩ የጋራ ሣር ሜዳ ጓሳ ለዓመታት ተጠብቆ ኖሮ ለሣር አጨዳ የተከፈተበት ሰሞን ነው። አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ ወደዚያ ወጥቷል፤ ከተማው ጭር ብሏል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም ከደብረ ብርሃን ጥሪ መጣ፣ ከቤይሩት ነው አለችኝ የዚያኛዋ ኦፕሬተር።

የደወለችው ትርንጎ ናት፣ የእማማ ጥሩነሽ ልጅ። እማማ ጥሩነሽን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ብቻዋን የምታርስ ሴትዮ ብትሉ እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ድምፅዋ ታፍኗል። እትዬ ዘውዴ፣ የእናቴን መሞት ሰምቻለሁ፣ አትደብቂኝ አለችኝ። ማን ነው የነገረሽ ስላት፣ የአገር ልጅ ቤይሩት ውስጥ አግኝታት እናትሽ ታማለች እንዳለቻት ነገረችኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እማማ ጥሩነሽ በእርግጥ ክረምቱን ታመው ነበር፤ ቀንዲል ሁሉ ተቀብተዋል። ከዚያ ድነው ተነሡ። ግን እኛ አገር ርቆ ላለ ሰው እናትህ ሞተች አይባልም። ታማለች ነው የሚባለው። መርዶ የሚነገረው ሰውዬው አገሩ ሲገባ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። እስከዚያ ሟቹ ሁሉ ታሟል፣ የታመመው ሁሉ ደህና ነው። ትርንጎ ይህን የማታውቅ ልጅ አይደለችም። ስለዚህ በእውነት ታመው ነበር ሲሏት ሞተዋል ማለት ሆነባት።

እናትሽ ደህና ናቸው፣ ጓሳ ሣር ሊያጭዱ ወጥተዋል አልኳት።

«እትዬ፣ ሌላ ነገር ንገሪኝ» አለች። «እኔም እዚህ ለስንቷ ልጅ እናትሽ ደህና ናት ብያለሁ። ሁሉም ሞተው ነበር።»

ምን ልበላት? መሐላ ልማልላት? መርዶ የሚደብቅ ሰውም እኮ ይምላል። የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ቢነግራት አታምንም ነበር። ልጅቷን ሊያሳምን የሚችለው የእናቷ ድምፅ ብቻ ነው። ጉዳዩን ቀስ ብዬ አወጣጣኋት። ቤይሩት ሥራዋን ጨርሳለች። ዛሬ ወደ ዱባይ ትበራለች። ዱባይ ላይ ሁለት መንገድ አላት፤ አንዱ በዚያው ምሽት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ነው፣ ሌላው ደላላው ያዘጋጀላት የሩቅ አገር ሥራ ነው። እናቴ ከሌለች ለማን ብዬ እመለሳለሁ፣ ደላላው እንደደረስኩ ይጠብቀኛል፣ እሺ ልለው ነው አለች። እንደደረስሽ ከአውሮፕላን ጣቢያው ደውይልኝ፣ እናትሽን ስልኩ ላይ አቆማለሁ አልኳት። እሺ አለች፣ ግን አላመነችኝም።

ከዚያ የጋሽ ወርቁን ልጅ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ። በመስኮት ተመልከቺ፣ ፀሐይዋ የት ጋ ናት አልኳት። ከሕንፃው ጀርባ ብቅ ብላለች አለች። ቲኬቱ ምን ይላል አልኳት። አሥር ሰዓት ተነሥቶ አሥራ ስድስት ሰዓት ይገባል ይላል አለች፤ የፈረንጅ መሆኑ ነው። እዚያ ያለውን ሰዓት ከእኛ ጋር አስተያይቼ፣ የቤይሩት አሥር የእኛ አምስት ሰዓት መሆኑን አረጋግጬ ስልኩን ዘጋን።

አቶ ጌታሁን አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ስድስት ሰዓት ነው፣ የእኛ አምስት ላይ ከተነሣ አሥራ አንድ ላይ ይደርሳል፣ ሴትዮዋ ሣራቸውን ጭነው ቀስ ብለው ይመጣሉ አሉ። አሳማኝ ነው። ጣቢያውም የሚዘጋው አሥራ አንድ ላይ ነው። እኔ ግን ሉሏን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ክሩን ከቤይሩት ዱባይ ወጠርኩት፤ ሦስት ቋጠሮ ተኩል ገደማ። መሀል ላይ ያለችው ኢራቅ ናት፤ ያን ሰማይ ያን ጊዜ አውሮፕላን ይሸሸዋል። ክሩን አላልቼ ወደ ደቡብ በሳዑዲ በረሃ አሳለፍኩት። አራተኛዋን ቋጠሮ ነካ። አራት ሰዓት እንጂ ስድስት አይደለም።

«ታዲያ ሁለቱ ሰዓት የት ገባ?» አሉኝ አቶ ጌታሁን።

ዱባይ በምሥራቅ ናት፣ ፀሐይ ለእሷ ቀድማ ትወጣለች፤ የመነሻው ሰዓት በቤይሩት ፀሐይ ተጽፏል፣ የመድረሻው በዱባይ ፀሐይ፤ ሁለቱ ሰዓት የፀሐይዋ እንጂ የመንገዱ አይደለም አልኳቸው። ልጅቷ የምትደርሰው በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሉሏን አገላብጠው አዩ፣ ክሩን ራሳቸው ወጥረው ቆጠሩ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ወጥተው የራሳቸውን ፈረስ ጫኑ። ዘበኛችንን ሞገስን ጠርተው ልጓሙን አስጨበጡት። እኔም ከበር ሆኜ፣ ሣሩን ጥለው ይምጡ በላቸው፣ ልጃቸው እናቴ ሞታለች ብላ እያለቀሰች ነው በላቸው አልኩት። ሞገስ ጋለበ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን አያልቅም። ሰው ይመጣል፣ አገናኛለሁ፣ እነቅላለሁ፣ ልቤ ግን ጓሳ ነው። ፈራሁ። ጋሽ ወርቁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ መሰለኝ። ደግሞ ብሳሳትስ? ክሩ የበግ ሱፍ ነው፣ ይለጠጣል። ሞገስስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንዲት አሮጊት የት ያገኛል? ደብረ ብርሃን ላለችው ኦፕሬተር ደውዬ ነገሩን አስረዳኋት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መስመሩን ያበላሸዋልና ከዱባይ ጥሪ ስታገኝ ሌላውን ሁሉ ነቅላ ወደ እኔ እንድታሳልፍ ለመንኳት። ስንቱን ባለሥልጣን አስቀይማ ይሆን፣ እሺ አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጥቂት እንደቆየ ጥሪው መጣ። ክሩ አልዋሸም። የእማማ ጥሩነሽ ግን ጥላም የለ።

«መጣች?» አለች ትርንጎ።

እየመጡ ነው አልኳት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ በዓረብኛ የሚጣራ ድምፅ ይሰማል። አውቄዋለሁ እኮ እትዬ፣ አንቺ መልካም ሰው ነሽ፣ ሰውየው ይጠብቀኛልና ልሂድ አለችኝ። ያን ጊዜ ንዴት ያዘኝ። በሥራ ዘመኔ ደንበኛ ተቆጥቼ አላውቅም፤ እሷን ግን ተቆጣኋት። ቁሚ አልኳት። እናትሽ በዚያ ዕድሜያቸው ፈረስ ላይ ናቸው፣ አንቺ መቆም አቅቶሽ ነው ወይ አልኳት። ይህን ስናገር ውጭ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አቶ ጌታሁን እየሮጡ ወጡ።

እማማ ጥሩነሽ ማጭዳቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ነጠላቸው ላይ ሣር እንደተሰካ ገቡ። ሞገስ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሯቸዋል። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ስልኩን ሰጠኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነው የገደለኝ?» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ሣሬን ሜዳ ላይ አስበትነሽ አመጣሽኝ። ላግባሽ ያለሽን የደምሴን ልጅ እምቢ ብለሽ ሄድሽ፣ ይኸው ሦስት ወለደ፣ በቅሎም ገዛ። አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ እኔን ትቀብሪያለሽ?»

ማዳመጫው በአንድ ጆሮዬ ነበር። መጀመሪያ ሳግ መሰለኝ። ሳቅ ነው። ልጅቷ ዱባይ መሀል ቆማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እሷው ናት፣ እሷው ናት ትላለች። መርዶ የሚደብቅ ሰው እንዲህ አይሳደብማ። እማማ ጥሩነሽ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ነይ» አሏት። «ሌላ አገር የሚሉሽን ተይና ነይ።» ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ትመጣለች ወይስ አትመጣም ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሰምታዎታለች አልኳቸው። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም።

አቶ ጌታሁን ወጥተው ፈረሳቸውን አራገፉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እልል ማለት አማረኝ፣ ግን የደብረ ብርሃኗ መስመር ላይ ስለነበረች አፈርኩ። እሷ ናት እዚያ ሆና እልል ያለችልኝ።

ልጅቷ ግን በማግሥቱም አልመጣችም፣ በሦስተኛውም ቀን። እማማ ጥሩነሽ ጓሳ አልተመለሱም፤ ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያው በር ላይ ይቆማሉ። ሰው ሲያጽናናቸው ይሳደባሉ። እኔም ምሳዬን እየዘለልኩ አብሬያቸው ቆምኩ። በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ዶሮ ወረደ፣ ጆንያ ወረደ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ከሲታ ልጅ ወረደች፤ ትርንጎ ናት፣ የዚያ ምሽቱ አውሮፕላን ሞልቶባት ዱባይ ሰንብታ ኖሯል። ፀጉሯን ተላጭታለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ከላይ ደግሞ ትልቅ ጥቁር ካፖርት። ሌላ የሚለበስ ልብስ አልነበራትም፤ የቀረውን ለሐዘንተኛ እንደማይሆን ቆጥራ ገና ቤይሩት ሳለች ለጓደኞቿ አድላው ነበር።

እናትና ልጅ ወዲያው አልተቃቀፉም። እማማ ጥሩነሽ ከእግሯ እስከ ራሷ ደጋግመው አዩዋት።

«ይህ ሐዘን ለእኔ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እማ።»

«እንዴት ብለሽ አለቀስሽልኝ? እስቲ ልስማው።»

ልጅቷ አፈረች። ገበያተኛው ከቧቸዋል። እማማ ጥሩነሽ ግን እጃቸውን አጣምረው መጠበቅ ጀመሩ፤ የቀልድ ፊት አልነበራቸውም። ትርንጎ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ቤይሩት ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ያለቀሰችውን ሙሾ በቀጭን ድምፅ አወጣችው።

ጓሳ ሣር ለብሳለች ብርድ አይነካትም፣
እናቴን ማን ያልብሳት እኔ የለሁላትም።

የገበያው ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዳንዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። እኔማ አልቻልኩም፣ አውቶቡሱን ተደግፌ አለቀስኩ። እማማ ጥሩነሽ እስከ መጨረሻው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደህና አልቅሰሽልኛል» አሉ። «አሁን ግን አለሽ። በይ አልብሺኝ።»

ትርንጎ ካፖርቷን አወለቀችና እናቷ ትከሻ ላይ ጣለችው፣ አዝራሩንም አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ወረደ። እማማ ጥሩነሽ እሱን ለብሰው፣ ልጃቸውን በእጅ ይዘው፣ በገበያው መሀል አለፉ።